የጅማ ቤቶችና የግንባታ ቁጥጥር በእጥረት ዘመን

ጅማ ውስጥ ቤት መሥራት ለረጅም ጊዜ በሠሪው አቅም ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አልነበረም። ቦታውን መንግሥት ይሰጣል፣ ዕቃውም በመንግሥት እጅ ያልፋል። ለዚህ አሠራር መሠረት የጣለው ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ሲሆን፣ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ መኖሪያ ሊኖረው የሚችለው አንድ ብቻ ሆነ፤ ለመሥሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት ለግለሰብ ተከለከለ።

ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። የያኔዋ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማ ከቡና ንግድና ከመንግሥት ሥራ ጋር የመጣ ተከራይ ይበዛባት ነበር። በባሕር ዛፍ እንጨት ተማግረው በጭቃ የተመረጉትና ቆርቆሮ የለበሱት ዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች ያረፉት በቀበሌ እጅ ነው። አዋጁ ኪራይ ቀንሶ ለደሃው ተከራይ ያስገኘው ጥቅም ቀላል አልነበረም፤ ቤቱን በማንኛውም ሰዓት ልቀቅ ከሚል አከራይም ገላገለው። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ዘመኑ መጻፍ ፍትሐዊ አይሆንም።

ጉዳቱ የታየው በጥገና ላይ ነው። ጅማ ዝናባማ አገር ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ከሥር እርጥበት የሚስብ፣ ከላይም ጣሪያው የሚያፈስስ የጭቃ ግድግዳ በየጊዜው ካልተመረገና የበሰበሰው ምሰሶ ካልተተካ ይዘማል። ቀበሌው ከሚሰበስበው ትንሽ ኪራይ ለዚህ የሚተርፍ ገንዘብ የለውም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ይሠጋል፤ ማዕድ ቤት ለመጨመር ወይም ግድግዳውን በብሎኬት ለመቀየር ቢነሣም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ደንቡ ቤቱን ማን እንደሚይዘው በጥንቃቄ ሲወስን፣ ማን እንደሚያድሰው ግን በተግባር ሳይመለስ ቀረ። ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለኛል።

የዕቃው እጥረት ችግሩን አባባሰው። ሲሚንቶ የሚያመርቱት የድሬዳዋ፣ የአዲስ አበባና የምፅዋ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ሙገር የተጨመረው በ1976 አካባቢ ነው። ከጦርነቱና ከመንግሥት ፕሮጀክቶች የተረፈውን ለመድረስ የግል ሠሪ ተራ ይጠብቃል። በማኅበር የተደራጁ ግን ቦታም፣ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ ብድርም ለማግኘት የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ብቻውን የሚሠራው በአጠና፣ በጭቃና በጭድ ይወጣዋል፤ ለወለሉ ሊሾ የሚሆን ሲሚንቶ ካገኘ እንደ ትልቅ ነገር ይቆጥረዋል።

ከ1983 በኋላ ማከራየት ተፈቀደ፤ በ1986 የሊዝ ሥርዓት መጣ፤ መሬቱ ግን የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀጠለ። ቦታ በሕጋዊ መንገድ ማግኘት የከበዳቸው በከተማ ዳርቻ ያለ ፈቃድ ሠሩ፤ ጨረቃ ቤት የሚባለው ይኸው ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ግንባታን በፈቃድ አስተሳሰረ። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ የከፈለ ሲሆን፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ከሕዝብ መገልገያዎችና ከፋብሪካዎች ጋር በምድብ ሐ አስገብቶ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር አደረገባቸው።

የዕቃ ቁጥጥርም አልቀረም። በ2014 ሲሚንቶ ሲጠፋ መንግሥት የፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ተምኖ በኮታ ያከፋፍል ጀመር። ለጅማ ሠሪ የትመናው ጥቅም ውስን ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ፋብሪካዎች ያሉት ከከተማው ርቀው ነው፣ ስለዚህ በተተመነው ዋጋ ላይ የጭነቱም፣ የደላላውም ይደመራል። መንግሥት ዋጋውን የሚቆጣጠረው ከፋብሪካው በር ላይ ነበር፤ ሠሪው ግን ሲሚንቶውን የሚገዛው ጅማ ነው።