ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ፦ የውሃው ሁኔታና የዓሣው ጤና

ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስበው «ዛሬ ይነክስ ይሆን?» ብሎ ነው። አብዛኛው ሰው መልሱን የሚፈልገው ከሰማዩ ነው። ደመናው እንዴት ነው? ነፋሱስ? ሰማዩ ድርሻ የለውም አይባልም። ዋናው ጉዳይ ግን ያለው ውሃው ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ፣ ኦክስጅኑ፣ ፍሰቱና ጥራቱ። ዓሣው መንጠቆ እንዲነክስ ወይም እንዲተው የሚያደርጉት እነዚሁ ነገሮች፣ እንዲታመም ወይም ጤነኛ ሆኖ እንዲቆይም ያደርጉታል። ስለዚህ ውሃውን የሚያውቅ አጥማጅ መቼ መጣል እንዳለበት ብቻ ሳይሆን መቼ ዘንጉን ሰብስቦ መሄድ እንዳለበትም ያውቃል።

ሙቀትና ኦክስጅን

ከጥቂቶቹ በስተቀር ዓሦች የሰውነታቸው ሙቀት የውሃውን ይከተላል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ምግብ የሚፈጩበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብዙ አይበሉም፣ ማባበያም አሳደው አይሄዱም። ውሃው ሞቅ ሲል ይነቃቃሉ። ይህ ግን ልክ አለው።

ልኩን የሚወስነው ኦክስጅን ነው። ለስላሳ መጠጥ ሲሞቅ ጋዙ እንደሚያልቅ ሁሉ፣ ውሃም ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ 0 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በሊትር 14.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። በ20 ዲግሪ ወደ 9.1 ይወርዳል፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ ወደ 7.5። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ውሃ ከዚህም ያነሰ ነው የሚይዘው። ችግሩ በዚህ አያበቃም፤ የሞቀው ዓሣ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ፍላጎቱ ሲያድግ አቅርቦቱ ያንሳል ማለት ነው።

ሁሉም ዓሣ እኩል አይቸገርም። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ነው፤ ውሃው 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጨነቅ ይጀምራል። ልምድ ያላቸው የትራውት አጥማጆች በዚህ ልክ ላይ ማጥመዱን የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ካርፕና ቆሮሶ ሙቀቱን በደንብ ይችላሉ። አምባዛማ ጭራሽ ከላይ ካለው አየር ቀጥታ መተንፈስ የሚያስችል ተጨማሪ አካል አለው፤ ሌላው ዓሣ በሚያልቅበት ረግረግ ውስጥ እሱ ምንም አይመስለው። አንዲት ርካሽ ቴርሞሜትር ታዲያ ከብዙ ማባበያ የበለጠ ጥቅም አላት።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አልጌ የበዛበት አረንጓዴ ኩሬ ቀን ቀን ኦክስጅኑ ጥሩ ነው፤ አልጌው በፀሐይ ብርሃን እያመረተ ያወጣዋል። ሌሊት ግን ማምረቱ ይቆማል፣ መተንፈሱ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ኦክስጅኑ ዝቅ የሚለው ልክ ሊነጋጋ ሲል ነው። ጎህ ሲቀድ ደርሳችሁ ዓሦቹ ሁሉ ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ብታዩ፣ «ዛሬ ተርበዋል» ብላችሁ አትቸኩሉ። የሚበላ ዓሣ ብቅ ብሎ ቀለበት ሠርቶ ይጠፋል። የሚታፈን ዓሣ ግን እዚያው ይቆያል፤ ጥላችሁ ሲያርፍበት እንኳ አይሸሽም፣ አፉን እንደከፈተ ይንሳፈፋል። በዚህ ሰዓት መንጠቆ የያዘው ዓሣ ተመልሶ ቢለቀቅ እንኳ የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ጥልቅ ሐይቅ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሙቀት ወራት ቀላሉ ሙቅ ውሃ ከላይ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይተኛና ሁለቱ ሳይደባለቁ ይቆያሉ። የታችኛው ቀስ በቀስ ኦክስጅን ያልቅበታል። እዚያ ድረስ ክር ማውረድ ትርፉ ድካም ነው፤ ዓሣው ያለው ከድንበሩ ከፍ ብሎ ነው። ኃይለኛ ነፋስ ወይም ድንገተኛ ቅዝቃዜ ውሃውን በአንድ ጊዜ ሲገለብጠው ያ የታፈነ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዳንዴም ዓሣ በጅምላ ይሞታል።

ፍሰትና ጥራት ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ከዝናብ በኋላ ትንሽ የደፈረሰ ውሃ ለአጥማጅ ጥሩ ነው፤ ዓሣው ድፍረት ያገኝና ወደ ዳር ይቀርባል። ጭቃ ሲሆን ማባበያውን አያየውም። ስለ አየር ግፊት ብዙ ይወራል። እኔ ግን ወሬው ከማስረጃው ይበልጣል ባይ ነኝ። ዓሣ አንድ ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚያገኘው የግፊት ለውጥ 100 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው፤ የአየር ጠባይ ለውጥ ይዞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

በሽታ ከየት ይመጣል?

ዓሣን የሚያሳምሙ ብዙዎቹ ተሕዋስያን ሁልጊዜም ውሃው ውስጥ አሉ። ጤነኛ ዓሣ ይቋቋማቸዋል። የተጨነቀ፣ የተጨናነቀ ወይም የቆሰለ ዓሣ ግን መከላከያው ይላላል፣ ያኔ ይገቡበታል። በጣም የተለመደው ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው ነው፤ ፈንገስ የሚመስል የውሃ ሻጋታ ሲሆን ቁስል ላይ ነጭ ጥጥ መስሎ ይበቅላል። አንዳንዴ የአጥማጁ አምስት ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ በቅሎ ይታያል። ዓሣውን የሸፈነው ሙልጭልጭ ልባስ ጌጥ አይደለም፤ ተሕዋስያንን የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች ያሉበት የመጀመሪያ አጥሩ ነው። በደረቅ እጅ ወይም በሻካራ መረብ ስንጠርገው አጥሩን እኛው አፈረስነው።

ሙቅ ውሃ ላይ ኮለምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ይነሣል፤ መተንፈሻውን ይበላል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የገረጣ ኮርቻ የመሰለ ምልክት ይተዋል። ቆዳና ክንፍ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያካክሉ ነጭ ነጠብጣቦች ከታዩ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋሲ ይጠረጠራል።

እነዚህ የየአካባቢው ነባር በሽታዎች ናቸው። የባሰው አንዱ ውሃ ውስጥ ያልነበረ በሽታ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ነው። ትራውትን የሚያሽከረክረውን በሽታ እንውሰድ። ተሕዋሲው ለመኖር ሁለት አስተናጋጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ዓሣ፣ ሌላው ጭቃ ውስጥ የሚኖር ቱቢፌክስ የሚባል ቀጭን ትል። ትሉ ጋ ቅርጹን ይቀይርና ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ሕፃን ዓሣ ይፈልጋል። ሲያገኝ ገና አጥንት ያልሆነውን ልም አጥንቱን ይበላል። ዓሣው ጭራው ይጠቁራል፣ አከርካሪው ይጎብጣል፣ ሲደነግጥ ባለበት እንደ እንዝርት ይሾራል። ሲሞት ከሬሳው የሚወጣው ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው በ1893 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ገባ። በ1990ዎቹ ሞንታና ውስጥ ባለው የማዲሰን ወንዝ የሬይንቦ ትራውቱን ቁጥር 90 በመቶ ያህል ቀነሰው።

ኖርዌይም የራሷ ታሪክ አላት። ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የሚባለው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል የሆነ ተሕዋሲ በ1970ዎቹ ከውጭ ከመጣ ዓሣ ጋር ገባ። የሳልሞን ቆዳ ላይ ተጣብቆ እንቁላል ሳይጥል በቀጥታ ይወልዳል፣ ስለዚህ በፍጥነት ይበዛል። ወደ 50 የሚጠጉ ወንዞችን አዳረሰ። ለማጥፋት ብዙ ወንዞች ውስጥ ያለውን ዓሣ በሙሉ ሮቴኖን በሚባል መርዝ መግደልና ከተጠበቀ ዘር እንደገና ማራባት ግድ ሆነ። መድኃኒቱ ከበሽታው አይተናነስም የሚያስብል ነው፤ ግን በዚያን ጊዜ የተሻለ መንገድ አልተገኘም። ደስ የሚለው፣ ተሕዋሲው ድርቀት አይችልም። የደረቀ ቡትና መረብ ላይ ይሞታል።

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከ2005 ጀምሮ ቪኤችኤስ የሚባል ደም የሚያስፈስስ የቫይረስ በሽታ ብዙ ዓይነት ዓሣ ገደለ። በ2006 የአሜሪካ መንግሥት ከሐይቆቹ አካባቢ ሕይወት ያለው ዓሣ እንዳይዘዋወር ገደብ ጣለ። ካርፕን የሚያጠቃው የኮይ ኸርፐስ ቫይረስ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ አገር ደርሷል። ከዚህ የተረፈ ዓሣ ጤነኛ መስሎ ቫይረሱን ይዞ ሊኖር ይችላል፤ «ደህና ነው» ተብሎ ወደ ሌላ ኩሬ የተወሰደ ካርፕ አደጋው እዚህ ላይ ነው። አፍሪካም አልቀረላትም። ቆዳን የሚያቆስለው የዓሣ ወረርሽኝ በ2006 መጨረሻና በ2007 በቾቤና በዛምቤዚ ወንዞች ታይቷል።

አጥማጁ ራሱ

በሽታ በዓሣ ዝውውር፣ በወፍ፣ በጎርፍ ይጓዛል። ወፍና ጎርፍን ማንም አይቆጣጠራቸውም። በእጃችን ያለው የራሳችን ዕቃ ነው። ጠዋት አንድ ወንዝ፣ ከሰዓት ሌላ ወንዝ የሚያጠምድ ሰው ቡቱ ላይ ያለው እርጥብ ጭቃ ምን እንደያዘ አያውቅም። በተለይ የቡት ማሰሪያ፣ የምላሱ ስፌትና የሶሉ ጎድጎድ ጭቃ ይደብቃሉ። ከፌልት (ከተጠቀጠቀ ሱፍ መሰል ጨርቅ) የተሠራ ሶል ድንጋይ ላይ ባያንሸራትትም ውሃና ተሕዋስያን መጥጦ ይይዛል። ኒውዚላንድ በ2004 ዲዲሞ የሚባለው አልጌ ወንዞቿ ውስጥ ከተገኘ በኋላ፣ በ2008 ለአጥማጆች የፌልት ሶል ከልክላለች።

የሚመከረው ቅደም ተከተል መፈተሽ፣ ማጽዳት፣ ማድረቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። ጭቃው ሳይለቅ በረኪና ማፍሰስ በረኪና ማባከን ነው፤ ጭቃው ኃይሉን ይጨርስበታል። መጀመሪያ እዚያው ውሃው ዳር ጭቃውንና ሣሩን ማራገፍ ነው። ከዚያ በብሩሽ ማሸት። ዕቃው ከቻለው በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፤ 45 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ማቆየት ብዙ ወራሪ ፍጥረታትን ይገድላል። መጨረሻ ላይ ማድረቅ፣ ያውም ውስጡ ድረስ። ላዩ ደርቆ ኪሱ የረጠበ መረብ ደረቀ አይባልም። እርግጥ ትራውትን እንደሚያሽከረክረው በሽታ ያለ ጠንካራ ዘር በድርቀት ብቻ ይለቃል ማለት አይቻልም፤ ለእሱ ጭቃውን ጥርግ አድርጎ ማስወገዱ ነው ዋናው።

ሕይወት ያለው ማጥመጃ ዓሣ ከተገኘበት ውሃ ውጭ መጠቀም አይገባም። የተረፈውን «ይኑር» ብሎ መልቀቅ ደግነት ይመስላል፣ ግን ጉዳት ነው። የተያዘ ዓሣ ከተጸዳ በኋላ ጭንቅላቱንና ሆድ ዕቃውን ሌላ ውሃ ውስጥ መጣልም እንደዚያው ነው፤ የትራውቱ ተሕዋሲ የሚከማቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ይዞ መልቀቅ

ብዙ መዝናኛ አጥማጅ ዓሣውን ይዞ ይለቃል። ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን መልቀቅ ብቻውን ዓሣውን አያድነውም። በ1992 የታተመ አንድ ጥናት ሬይንቦ ትራውቶችን አድክሞ ነበር የፈተነው። ከውሃ ሳይወጡ ከቆዩት 12 በመቶው ሞቱ። 30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶው፣ 60 ሰከንድ ከቆዩት ደግሞ 72 በመቶው። ፎቶ ለመነሣት የሚፈጀውን ጊዜ አስቡት።

ስለዚህ እጅን አርጥቦ መያዝ፣ ቋጠሮ የሌለው የጎማ መረብ መጠቀም፣ እሾሁ ተጭኖ የተደፈጠጠ መንጠቆ መምረጥ። ክሩ ከዓሣው መጠን ጋር ካልተመጣጠነ ትግሉ ይረዝማል፣ ዓሣውም ዝሎ ይሞታል። ጣት በክዳኑ ሥር ወዳለው ቀይ መተንፈሻ ማስገባት ክልክል ነው። መንጠቆው ጉሮሮው ድረስ ከተዋጠ ከመቆፈር ክሩን በጥሶ መተው ይሻላል። ስትለቁትም አትወርውሩት፤ ራሱ እስኪሄድ ድረስ ውሃው ውስጥ ደግፋችሁ ያዙት።

የሞተ ዓሣ ሲገኝ

ትንሹም ትልቁም፣ ሁሉም ዓይነት ዓሣ በአንድ ሌሊት ካለቀ ብዙውን ጊዜ የኦክስጅን እጥረት ወይም መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ለቀናት ጥቂት ጥቂት እያለ የሚሞት ከሆነ በሽታ ይጠረጠራል። ደንቡ ሁልጊዜ ባይሠራም ለመነሻ ይጠቅማል። አብዛኛው የዓሣ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም በተቆረጠ ቆዳ በኩል ገብተው የማይድን የሚመስል ቁስል የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች ስላሉ፣ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው የታመመ ዓሣ ባይነካ ይመረጣል።

ለሚመለከተው የዓሣ ሀብት ወይም የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ስትደውሉ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የዓሣውን ዓይነትና በግምት ስንት እንደሆነ ተናገሩ፤ ፎቶም አንሡ። ቀኑን ያሳለፈ፣ ያበጠ ሬሳ ለላቦራቶሪ ብዙም አይጠቅምም። የሚፈለገው አሁን እየሞተ ያለ ወይም መተንፈሻው ገና ቀይ የሆነ ዓሣ ነው። ናሙና ያዙ ከተባላችሁ በረዶ ላይ አድርጉት እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት፤ ሲቀልጥ ሕብረ ሕዋሱ ስለሚበላሽ ለምርመራ አይሆንም።