የኒውክሌር ማመንጫ ቦምብ ነው?

ጅማ ላይ ስለ ኒውክሌር ኃይል ወሬ ሲነሳ «ይህ ቦምብ አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ነዳጁ ዩራኒየም የሚባል ብረት ነው፤ ኃይል የሚሰጠው ዩራኒየም 235 የሚባለው ዓይነት ግን በተፈጥሮው ዩራኒየም ውስጥ 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ለአብዛኞቹ ማመንጫዎች ይህ መጠን ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዲደርስ ይደረጋል፤ ለቦምብ ግን 90 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ማመንጫው ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ በቅርባችን ባለው ግልገል ጊቤ ይህን የሚሠራው የሚወርደው ውኃ ነው።

ግድብ ዝናብ ይጠብቃል፤ ኒውክሌር አንዴ ነዳጅ ከተሞላለት ከዓመት በላይ ይሠራል፣ ጭስም የለውም። ግንባታው ግን ውድና ረጅም ነው። አደጋም አለ፤ በ1978 ዓ.ም. ዩክሬን ውስጥ ከነበረው የቼርኖቢል ኒውክሌር ማመንጫ የወጣው ጨረር አገር ተሻግሯል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያገለገለው ነዳጅ ነው፦ ለዓመታት ውኃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም ለብዙ ሺህ ዓመታት ከሰው መራቅ አለበት።