ርቀት መጠበቅ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰውዬ ስለ ፈጣን መንገድ አነዳድ ሲያስረዳ ሰማሁት። «ርቀት መጠበቅ ማለት የራስህን ፍሬን ማወቅ ነው» ይላል። «ፍሬኑን የሚያምን ሰው ጠጋ ብሎ ቢነዳ ምንም አይደለም። የዘንድሮ መኪና እንደ ድሮው መሰለህ እንዴ?» አጠገቡ ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ግን ደሜን አፈላው።

ነገሩ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። ፍሬን የምሠራ መካኒክ ነኝ። የፍሬን ሸራ ቀይሬ፣ ዘይቱን አይቼ፣ አየሩን አስወጥቼ ቁልፍ ሳስረክብ ይህንኑ ወሬ ከደንበኛ አፍ እሰማለሁ። «አሁንማ ቀጥ ነው የምትለው፤ እንደ ልቤ ልጠጋ» ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። አንዳንዶቹ ኮፋኗ ተጨራምቶ መልሰው ያመጧታላ! ፍሬኗን ስፈትሽ ደግሞ እንከን የላትም። ሸራው አዲስ፣ ዲስኩ ንጹህ። ፍሬኗ ሥራዋን ሠርታለች። የተረገጠችው ግን ዘግይታ ነው።

ከፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ያለው ክፍተት ለፍሬን የተተወ ቦታ ይመስላል። መጀመሪያ የተተወው ግን ለእናንተ ነው። ለዓይናችሁ፣ ለአእምሯችሁና ለእግራችሁ። ፊተኛው ፍሬን ይይዛል። ስቶፕ መብራቱ ይበራል። ታያላችሁ። «ነካ አድርጓት ነው ወይስ ሊቆም ነው?» ትላላችሁ በልባችሁ። ከዚያ እግራችሁ ከነዳጅ ተነስቶ ፍሬን ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ ለነቃ ሰው አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ለደከመው፣ ስልክ ለሚነካካው፣ ዞር ብሎ ልጅ ለሚቆጣው ከዚያም ይበልጣል።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ 28 ሜትር ውስጥ ፍሬኑ ሥራ አልጀመረም። እኔ የቀየርኩት ሸራ ዲስኩን አልነካውም። ኦሪጂናል ቢሆን፣ ርካሽ ቢሆን ለውጥ የለውም። የእናንተም የፊተኛውም ፍሬን እኩል ጎበዝ ነው እንበል። እናንተ የረገጣችሁት አንድ ሰከንድ ዘግይታችሁ ነው። በመካከላችሁ 28 ሜትር ከነበረ ፓራውልቱን ልትነኩት ስትሉ ትቆማላችሁ። 10 ሜትር ከነበረ ግን ትገቡለታላችሁ። የቱሉ ዲምቱን የክፍያ ጣቢያ አልፎ ግራውን መስመር ለያዘ ሰው ደግሞ 10 ሜትር ብርቅ አይደለም። ከዚያም ያነሰ አለ። በስፖኪዮ ስታዩት ታርጋው አይታይም፤ ሹፌሩ ማስቲካ ሲያኝክ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

እስቲ በገንዘብ ላስረዳ። ይህ ክፍተት ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር ነው። ደመወዝ በሰላም እየገባ ሳለ የተቀመጠ ብር ሥራ የፈታ ይመስላል። «እዚያ ተቀምጦ ምን ይሠራል?» ያሰኛል። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የሚያወጣችሁ እሱ ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ደግሞ ልቆጥብ ቢሉ አይቆጠብም። ፍጥነት ማለት የኑሮ ውድነት ነው። ከተማ ውስጥ በ40 የሚነዳ ሰው ከፊቱ 22 ሜትር ካለው የሚበቃው አለው። ያንኑ 22 ሜትር ይዞ ፈጣን መንገድ ላይ 100 ሲገባ ግን ባዶ እጁን ነው። ብሩ ያው ነው፤ የሚገዛው ነገር አነሰ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ብሩ ከዚያም በላይ ይረክሳል።

ስለዚህ በሜትር አትለኩት። «ሁለት መኪና የሚያስገባ ቦታ» የሚባለውንም ተዉት፤ እሱ የሚሠራው በአንድ ፍጥነት ብቻ ነው። በሰከንድ ለኩት። ከፊታችሁ ያለው መኪና ጅራት አንድ ምሰሶ ወይም ምልክት ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ። «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት።» ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ እናንተም ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ማለት 55 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ሦስት ሰከንድ እመርጣለሁ። መንገዱ ሲረጥብ አራት።

እዚህ ላይ ግን ማንም የማይናገራት አንዲት ነገር አለች። ሁለት ሰከንድ የሚበቃው ፊተኛውም እንደ እናንተው በፍሬን ሲቆም ነው። ፍሬን የያዘ መኪና ባለበት ቀጥ አይልም። በ100 ሲሄድ የነበረ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ራሱ 55 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። የእናንተ ሁለት ሰከንድ የሚሠራው ያንን 55 ሜትር ከእሱ ስለምትዋሱ ነው። ፊተኛው ከቆመ ነገር ጋር ተጋጭቶ ባለበት ቢቀር ወይም ድንገት ወደ ጎን ቢወጣ የምትዋሱት የለም። ስሌቱ ፈረሰ።

ይህ ደግሞ በእኛ መንገድ ብርቅ ነገር አይደለም። የጭነት መኪና ይበላሻል። ረዳቱ ከኋላ ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል፤ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ያለው ጥቂቱ ነው። ከፊታችሁ ያለው ሚኒባስ የቆመውን መኪና ያየዋል። እናንተ የምታዩት የሚኒባሱን ጀርባ ብቻ ነው። ሚኒባሱ በመጨረሻዋ ቅጽበት እጥፍ ብሎ ያልፋል። የጭነት መኪናው ጀርባ እናንተ ፊት ድቅን ይላል። በዚህ ጊዜ ሁለት ሰከንድም ቢሆን ለፍሬን ብቻውን አይበቃም። ወደ ኋላ ራቅ ማለት የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። የራቀ ሰው በሚኒባሱ ጎንና ጎን አሻግሮ ያያል። የተጠጋ ሰው መንገዱን ሳይሆን የሚኒባሱን ጥቅስ ሲያነብ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደዚያ ሰውዬ ልመለስ። «ኤቢኤስ አለ አይደል?» ብሎ ነበር። አለ። ኤቢኤስ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ይከላከላል። ፍሬን እየያዛችሁ መሪ ማዞር እንድትችሉ ነው የተሠራው። በደረቅ አስፋልት ላይ መቆሚያችሁን ያን ያህል አያሳጥርም። ጠጠር ላይ ጭራሽ ሊያስረዝመው ይችላል። «የኤሌክትሪክ መኪና ራሷ ትይዛለች» የሚሉም መጥተዋል። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። መልካም ነው። አንዳንዶቹ በእርግጥ አደጋ ሲያዩ በራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። ግን መኪናዋ የምትይዘው በጎማዋ ነው። ባትሪ ተሸክማ ከእኩዮቿ ትከብዳለች። ጎማው ከደረቀ ካሜራም ሴንሰርም አያድናትም። እግረ መንገዴን፦ ጎማችሁ ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አላለቀም ብላችሁ አሮጌ ጎማ አትመኑ።

ሌላም አለ። ከኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ሹፌሩ ፍሬን ሳይረግጥ፣ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ሲያነሳ ፍጥነታቸው ቶሎ ይወርዳል። (ነዳጅ ሳይኖር ነዳጅ መርገጫ ማለቴን እለፉት።) ከኋላ ሆናችሁ እንደ ድሮው መኪና ቀስ እያለች ትዘገያለች ብላችሁ ስትጠብቁ ትደርሱባታላችሁ።

የሰዉ ትልቁ መከራከሪያ ግን ፍሬን አይደለም። «ቦታ ከተውኩ ሌላው ይገባበታላ!» ነው። ልክ ነው፤ ይገባበታል። ብር እንዳለህ የሰማ ዘመድ ሁሉ «አበድረኝ» እንደሚለው ነው። ግን ብድሩ ስንት ነው? አንድ መኪና ፊታችሁ ሲገባ እግራችሁን ትንሽ አንስታችሁ ሁለት ሰከንዳችሁን መልሳችሁ ትቆጥባላችሁ። ያጣችሁት ሁለት ሰከንድ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ እስክትደርሱ አሥር መኪና ቢገባባችሁ 20 ሰከንድ ዘገያችሁ። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ100 ሲነዳ 50 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ለ20 ሰከንድ ነው ይህ ሁሉ ክላክስ፣ ይህ ሁሉ ረጅም መብራት?

መጠጋት ያፈጥናል የሚለውም ሐሰት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሙከራ አለ። 22 መኪኖችን ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ አሰለፉ። ሹፌሮቹ የታዘዙት እኩል ፍጥነት ይዘው እንዲዞሩ ብቻ ነው። መብራት የለ፣ እግረኛ የለ፣ አደጋ የለ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ዘገየት አለ፤ ከኋላው ያለው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ፍሬን ያዘ፤ ሦስተኛው ከዚያም ጠንከር አድርጎ። ብዙም ሳይቆይ ጨርሰው የሚቆሙ መኪኖች ታዩ። መጨናነቁ መኪኖቹ ወደፊት እየሄዱ እሱ ወደ ኋላ ይጓዝ ነበር። ቢሾፍቱ አካባቢ ድንገት ቀጥ ብላችሁ፣ ከዚያ ስትለቀቁ የተጋጨም የተበላሸም መኪና ሳታዩ «ታዲያ ምን ነበር?» ካላችሁ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ብር ያላስቀመጠ ሁሉ ችግሩን ለኋለኛው ያስተላልፋል። ትርፍ ቦታ ያለው ሰው ግን እግሩን ከነዳጅ ላይ ብቻ አንስቶ ችግሩን እዚያው ያስቀረዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የሌላውን ተቀማጭ የሚዘርፈው ነው። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለን ስም አውጥተናል። ስሙን ያገኘው በከንቱ ነው አልልም። ግን የተጫነ መኪና ሹፌር ከፊቱ ረጅም ቦታ ትቶ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፈዞ እንዳይመስላችሁ። ፍሬኑ በአየር ነው የሚሠራው። ቢረግጠውም አየሩ የኋላ ጎማ ጋ እስኪደርስ ጥቂት ይፈጃል። ከአዲስ አበባ አዳማ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ቁልቁለት ላይ ደጋግሞ የተያዘ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ታምቡር (ሸራው የሚጫነው ከበሮ) እንደ ቀዝቃዛው አይዝም። ሰውዬው ይህን ሁሉ አስልቶ ነው ቦታውን የተወው። ከዚያ አንድ ቪትዝ መጥታ ቀድማው እዚያች ቦታ ላይ ዘው ትላለች። ገብታም ፍሬን ትይዛለች! በኋላ አደጋው ሲወራ «ሲኖው ፍሬን እምቢ አለው» ይባላል። ፍሬኑ እምቢ አላለም። ተቀማጩን ወሰዱበት።

ከኋላ የሚጠጋችሁስ? እሱ ያለ ፈቃዳችሁ ዋስ አድርጓችኋል። እሱ ያላስቀመጠውን እናንተ ታስቀምጡለታላችሁ። መጀመሪያ ፍሬቻ አሳይታችሁ ወደ ቀኝ ውጡና ይለፍ። መውጫ ካጣችሁ ከፊታችሁ ያለውን ክፍተት አስፉት። ሁለት የነበረውን አራት ሰከንድ አድርጉት። ፊታችሁ ሰፊ ከሆነ ፍሬን ቀስ አድርጋችሁ፣ ቀደም ብላችሁ መያዝ ትችላላችሁ፤ እሱም ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ሰዉ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከኋላ ሲገፋ ወደፊት ይጠጋል፤ ከሁለቱም ወገን ባዶ ይቀራል። ፍሬን ነካ አድርገው «አስደነግጠዋለሁ» የሚሉም አሉ። በተጠጋችሁ ሰው ላይ ይህን ማድረግ ኮፋኑን ወደ ኋላ ወንበራችሁ መጋበዝ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያበላሽ አንድ ነገር ልጨምር፤ አልተጠየቅኩም ግን ሙያዬ ነው። ስቶፕ መብራታችሁ ካልበራ ኋለኛው ሦስት ሰከንድ ቢሰጣችሁም ፍሬን መያዛችሁን የሚያውቀው ስትቀርቡት ነው። ጋራዥ ከሚገቡት መኪኖች አንዱ አምፑል የተቃጠለበት ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ከወንበሩ ሆኖ አያየውማ። የሚረዳ ሰው አያስፈልግም። ማታ መኪናውን ጀርባውን ለአጥር ወይም ለግድግዳ ሰጥታችሁ አቁሙና ፍሬን ርገጡ። በስፖኪዮ ግራና ቀኝ ቀዩን ብርሃን ግድግዳው ላይ እዩት። አንዱ ጎን ጨለማ ከሆነ አምፑሉ ርካሽ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ይቀየራል።