የአካባቢ የሕብረተሰብ ጤና ጽሕፈት ቤት ምን ይሠራል?

ሆስፒታል የታመመውን ያክማል። የአካባቢ የሕብረተሰብ ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ገና ያልታመመው እንዳይታመም ይደክማል። ውሃ ያስመረምራል፣ ምግብ ቤቶችን ይቆጣጠራል፣ ክትባት ያዳርሳል፣ በሽታ ይከታተላል። ሥራው ሲሳካ ምንም ስለማይታይ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ወረርሽኝ ሲገባ ነው። ይህ ደግሞ ትልቅ ጉዳት አለው፤ በጀት የሚጠየቀው በሰላሙ ጊዜ ነውና።

ሙያው አዲስ አይደለም። የእንግሊዟ ሊቨርፑል በ1847 እ.ኤ.አ. ዶክተር ዊሊያም ሄንሪ ደንካንን የከተማ ጤና ኃላፊ አድርጋ ሾማለች። በ1854 ደግሞ ሐኪሙ ጆን ስኖው ለንደን ውስጥ በኮሌራ የሞቱት የት የት እንደሚኖሩ አጣርቶ ጣቱን ብሮድ ጎዳና ላይ ወዳለው የውሃ ፓምፕ ቀሰረ። ማን ታመመ? የት? ከመቼ ጀምሮ? ዛሬም የበሽታ ቅኝት፣ ማለትም በሽታን የመከታተል ሥራ፣ የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

አንድ ልጅ በኩፍኝ ተጠረጠረ እንበል። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ስልክ አንስታ መጀመሪያ የምትጠይቀው ሽፍታው የወጣበትን ቀን ነው። በሽታው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 4 ቀን በኋላ ይተላለፋል። ስለዚህ ልጁ በእነዚያ ቀናት የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ አንድ በአንድ ትመዘግባለች። ንክኪ የነበራቸው ያልተከተቡ ሰዎች ከንክኪው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከተቡ ከመታመም ሊተርፉ ይችላሉ። ዓርብ ማታ የመጣ ሪፖርት ሰኞን አይጠብቅም።

ታዲያ ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ስላለ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶም ያበላሸዋል፤ የቴታነስ ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት። ለዚህ ነው የፍሪጁ ሙቀት ጠዋትና ማታ ተነብቦ የሚመዘገበው፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ የሚጻፈው።

እኔ ግን ከዕቃው በላይ ሰውን ማወቅ ይበልጣል እላለሁ። የኦክስጅን መሣሪያው ያለ መብራት የማይሠራለት ሕመምተኛ የት ይኖራል? ማስጠንቀቂያው በየትኛው ቋንቋ ይነገር? እናቶች ሥራ የሚውሉበት ሰፈር ክትባቱ በሥራ ሰዓት ብቻ ከተሰጠ ማን ይመጣል? የተለማመደ ቢሮ መልሱን ከአደጋው በፊት ይዟል። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላም ቁጭ ብሎ ይገመግማል፦ የትኛው ስልክ አልተነሳም፣ የትኛው ሰፈር ዘግይቶ ሰማ፣ የትኛው መኪና ነዳጅ አልነበረውም።