የኦርኬስትራ ትራምፔት ማውዝፒስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት የሚነፋ ሰው ከማውዝፒሱ (ከንፈሩን ገጥሞ ከሚነፋበት ተነቃይ ክፍል) ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አዳራሹን የሚሞላ ድምፅ፣ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር የሚገጥም ቅኝት፣ እስከ ዝግጅቱ መጨረሻ የማይዝል ከንፈር። አንዱን የሚያሻሽል ለውጥ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ስለ ማውዝፒስ የሚነገሩ ብዙ አባባሎች የሚሳሳቱት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዘው ስለሚፈርዱ ነው።

ቃላቱን እናስተዋውቅ። ሪም ከንፈር የሚያርፍበት ቀለበት ነው። ከሥሩ ያለው ጎድጓዳ ክፍል ጽዋ፣ ከጽዋው ግርጌ ያለው ጠባብ ቀዳዳ ጉሮሮ፣ ከጉሮሮው ወዲያ እየሰፋ የሚሄደው የውስጥ ቦይ ባክቦር ይባላል። ሻንክ ትራምፔቱ ውስጥ የሚሰካው ጫፍ ነው።

«የኦርኬስትራ ተጫዋች ትልቅ ማውዝፒስ ሊኖረው ይገባል»

ይህ እምነት በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጣ ነው። ከ1948 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቀዳሚ ትራምፔት የነበሩት አዶልፍ ኸርሴት በትልቅ ማውዝፒስ ይጫወቱ ነበር፤ ያንን ድምፅ የወደዱ ሁሉ መጠኑን ተከትለው ገዙ። ድምፁን የፈጠረው ግን በቅድሚያ የሰውየው ትንፋሽና ጆሮ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። የውስጥ ስፋቱ የበዛ ሪም ብዙ ከንፈር በነፃነት እንዲንቀጠቀጥ ቦታ ይሰጣል፣ ጠለቅ ያለ ጽዋ ደግሞ ድምፁን ወፍራምና ጠቆር ያለ ያደርገዋል። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ከንፈሩ ያልጠነከረ ሰው በባክ 1ሲ (ባክ የማውዝፒስ አምራች ነው፤ ቁጥሩ ስፋቱን፣ ፊደሉ የጽዋውን ጥልቀት ያመለክታል፤ 1ሲ ከትልልቆቹ አንዱ ነው) ሲጫወት መጀመሪያ የሚጠፋበት ለስላሳው የላይኛው ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ ቅኝቱ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ማውዝፒሱን ከንፈሩ ላይ አጥብቆ መጫን ይጀምራል። ሲጫን ከንፈሩ መንቀጥቀጡን ስለሚያቆም የፈለገውን ትልቅ ድምፅም ያጣዋል። ብዙ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች በ1½ሲ ወይም በ3ሲ አካባቢ ተመችቷቸው ይሠራሉ፤ ይህ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«ከ7ሲ ጋር መቆየት ጀማሪነት ነው»

7ሲ ከብዙ የተማሪ ትራምፔቶች ጋር ስለሚመጣ ስሙ ጠፍቷል እንጂ መካከለኛ ማውዝፒስ ነው። በባክ ካታሎግ የ7ሲ የውስጥ ስፋት 16.20 ሚሊ ሜትር፣ የ3ሲ 16.30፣ የ1½ሲ 17.00 ነው። በ7ሲና በ3ሲ መካከል ያለው የስፋት ልዩነት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ሆኖ ሳለ ከንፈር ላይ ሰፊ ልዩነት የሚሰማው በዋናነት የሪሙ ቅርፅ ስለሚለይ ነው። ስለዚህ ከስፋቱ ቁጥር በፊት የሪሙን ቅርፅና የውስጥ ጠርዙን ስለት መርምሩ።

«ቁጥሩ ከተመሳሰለ መጠኑም አንድ ነው»

ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት ይህ ነው። በባክ ቁጥሩ ሲያንስ ማውዝፒሱ ይሰፋል፤ በሌሎቹ አምራቾች በያማሃና በሺልኪ ግን ቁጥሩ ሲያድግ ነው የሚሰፋው። የጽዋው ፊደልም እንዲሁ ይገለበጣል፦ በባክ ኤ ጥልቅ፣ ኤፍ ጥልቀት የሌለው ነው፤ በያማሃና በሺልኪ ደግሞ ኤ ጥልቀት የሌለው፣ ኢ ጥልቅ። ከያማሃ 11ሲ4 ሰፋ ያለ ፈልጎ የባክን ልማድ በመከተል ያማሃ 7 ያዘዘ ሰው የሚደርሰው ጠባቡ ነው።

«ጥልቀት የሌለው ጽዋ ላይኛውን ድምፅ ይሰጣል»

የላይኛውን ድምፅ ያደምቀዋል እንጂ የማይወጣን ድምፅ አያወጣም። በጣም ጥልቀት በሌለው ጽዋ ወፍራም ከንፈር የጽዋውን ግርጌ ሊነካ ይችላል፤ ያኔ ድምፁ በድንገት ይቋረጣል። ከቫዮሊኖቹና ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጋር መዋሃድም ይከብዳል። በጣም ከፍ ላሉ የባሮክ ክፍሎች ኦርኬስትራ ውስጥ የሚነሳው ፒኮሎ ትራምፔት (ትንሹና ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ትራምፔት) ነው፤ ለእሱ ጥልቀቱ ያነሰ ጽዋ ይስማማዋል። ሪሙን ተቀራራቢ አድርጎ ጽዋውን ብቻ መለወጥ ከንፈርን አያደናግርም።

«ጉሮሮውን ማስቦርቦር ትንፋሽን ነፃ ያወጣል»

የባክ መደበኛ ጉሮሮ ቁጥር 27፣ ማለትም 3.66 ሚሊ ሜትር ነው። ሰፋ ያለው ቁጥር 22 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የሚወስደው ትንፋሽ ብዙ ነው፤ በለስላሳ መጫወትም ያስቸግራል፤ የተቦረቦረ ብረት ደግሞ አይመለስም። ከዚያ በፊት የማውዝፒስ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ሞክሩ፤ በጉሮሮው የተጋገረ ቆሻሻ ራሱ ትንፋሽ ይዘጋል።

«ከገባ ገጥሟል ማለት ነው»

ሰው ብዙም የማያየው ነገር ይህ ነው፤ እኛ ግን ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል እንላለን። ሻንኩ ሲሰካ በጫፉና በውስጠኛው ቱቦ መጀመሪያ መካከል ትንሽ ክፍተት ይቀራል፤ በብዙ ትራምፔቶች 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ክፍተቱ ሲበዛ ወይም ሲጠፋ የድምፅ አነሳሱ ይበላሻል፣ ቅኝቱም ይዛባል። ለመለካት ሻንኩን ሰክታችሁ የገባበትን መስመር በእርሳስ ምልክት አድርጉና አውጥታችሁ እስከ ጫፉ ለኩ። ከዚያ በቀጭን እንጨት ከመሰኪያው አፍ እስከ ውስጠኛው ቱቦ ጠርዝ ያለውን ጥልቀት ውሰዱ፤ ልዩነቱ ክፍተቱ ነው። ይህ ጠርዝ የሌላቸው ትራምፔቶችም አሉ፤ ለእነሱ ልኬቱ አይሠራም።

ክፍተቱን ማስፋት ምን እንደሚያመጣ ለመስማት ሻንኩ ላይ አንድ ዙር ስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ ሰክታችሁ ንፉ። ያለ ወረቀት ሲሰካ ወዲህ ወዲያ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ሻንኩ ወይም መሰኪያው አልቋል፤ ወይም ሻንኩ ለሌላ መሣሪያ የተሠራ ነው። የኮርኔት ሻንክ ከትራምፔት ይቀጥናል።

«የወርቅ ቅብ ድምፅ ያጠቁራል»

ቅቡ ከንፈር ላይ ያለውን ስሜት ይለውጣል፦ ወርቅ ያንሸራትታል፣ ብር ትንሽ ይይዛል። አዳማጭ ጋ የሚደርስ ልዩነት አትጠብቁ። ብር ቆዳውን ለሚያሳክከው ሰው ወርቅ ይጠቅማል። ቅቡ ተልጦ ናሱ ከወጣ ግን ማስቀባት ያስፈልጋል።

«ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይበቃል»

አዲስ ማውዝፒስ በመጀመሪያው ሰዓት ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል፤ ከንፈር ገና አልለመደውምና። ሁለት ሳምንት እሱን ብቻ ተጫወቱበት፤ ከኮንሰርት በፊት ባለው ሳምንት ግን በፍጹም አትቀይሩ። በቲዩነር (በቅኝት መለኪያ) ፈትሹት፤ በሲ ትራምፔት ላይ በኖታ መስመሮቹ አራተኛ ክፍተት ያለው ኢ እና ኢ ፍላት የመውረድ ጠባይ ስላላቸው መጀመሪያ እነሱን። ጓደኛ አዳራሹ ጀርባ ይቀመጥና የቱን እንደያዛችሁ ሳትነግሩት ይፍረድ። የማለር አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻን ለታችኛው ድምፅና ለአነሳስ ንፉበት፤ ቀጥሎ ረጅም የላይኛ ድምፅ እጅግ በለስላሳ። የመጨረሻው ፈተና የልምምድ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይሁን።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ «3ሲ» ብላችሁ አትጻፉ። የአምራቹን ስም፣ ሙሉውን ቁጥርና ፊደል፣ የትራምፔት ሻንክ መሆኑን ጻፉ፤ ፎቶም ላኩ። ያገለገለ ከሆነ የሻንኩ ጫፍ ክብ መሆኑን ያረጋግጡላችሁ፤ ወድቆ የተጨፈለቀ ጫፍ የድምፅ አነሳሱን ያበላሻል፤ መሣሪያ ጠጋኝ ግን በቀላሉ ያቃናዋል።