ርስት በሺህ ዓመቷ፦ «ወረሰ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት

«ርስት በሺህ ዓመቷ ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች» ይላሉ አባቶች። ከተማ ውስጥ ለቀላሉም ነገር እንጠቀምበታለን። ያዋስነው መጽሐፍ ከስንት ዓመት በኋላ ሲመለስ «ርስት በሺህ ዓመቷ!» ብለን እንቀበለዋለን። የአባባሉ ሥር ግን መሬት ነው።

በጎጃምና በጎንደር ርስት በትውልድ የሚገኝ መብት ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ከእሱ መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ያስረዳ ሰው «ድርሻዬን» ማለት ይችላል። አያቱ አገር ለቆ ሄዶ ይሆናል፤ መሬቱንም ሌላ ሰው ለዘመናት ሲያርሰው ኖሮ ይሆናል። መብቱ ግን በጊዜ ብዛት አይሞትም። ሺህ ዓመቱ ከዚህ የመጣ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቃሉ ነው። «ርስት» የወጣው «ወረሰ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። አልጋ ወራሽ የምንለውም ከዚያው ነው። ታዲያ ያው ግስ ለመንጠቅም ያገለግላል። «ልጁ ቤቱን ወረሰ»፣ «መንግሥት ቤቱን ወረሰ»። በመጀመሪያው ባለቤቱ ሞቷል። በሁለተኛው ቆሞ ያያል።

ሁለቱ ፊቶች በመጽሐፍ ቅዱሱ የናቡቴ ታሪክ ጎን ለጎን ቆመዋል። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት ለንጉሡ አልሰጥም አለ። ተገደለ። ነቢዩ ኤልያስም ንጉሡን አክዓብን የጠየቀው ገድለህ ደግሞ ወረስህ ወይ ብሎ ነው።

«ቀማ» ሌላ ነው። ቀማኛ ወረቀት የለውም፣ ጉልበቱ ይበቃዋል። «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ የቀማህ ሰው አባት ዳኛው ከሆነ ወዴት ትሄዳለህ? የሚወርስ ግን አዋጅ ይዞ ይመጣል። በ1967 የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ትርፍ ቤት በቀበሌ እጅ ገባ፤ «የቀበሌ ቤት» የምንለው ይኸው ነው። ያን ጊዜ የደረሰባቸው ሰዎች «ቤታችን ተወረሰ» ብቻ አይሉም። «ተወረስን» ይላሉ፤ ራሳቸውን ከቤቱ ጋር ደርበው።

በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ካሉት ሁለት ቤቶች አንዱ ተወርሶባቸው፣ ተከራዩ በእሳቸው በር ይገባና ይወጣ ነበር። ካርታውንና የግብር ደረሰኙን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አኑረውታል። በ1987 አላግባብ የተወረሰ ንብረት የሚታይበት አዋጅ ቁጥር 110 ሲወጣ ጥቅልሉን ይዘው ሄዱ። ነገሩ ሁሉ «አላግባብ» የምትል አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ። የእሳቸው ቤት በ1967ቱ አዋጅ መሠረት በአግባቡ የተወረሰ ነው ተባለ፤ አይመለስም።

ማታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው እየጠረጉ ይደረድሩ ነበር። «አቧራ ወርሶታል እኮ» አሉኝ። ከዚያ እንደ ድሮው ጠቅልለው ሳጥኑን ቆለፉት። «በሺህ ዓመቷ አይደል ልጄ? ገና ሠላሳም አልሞላት።»