ስካይላይት ሞዴል ስናደርግ ይዘናቸው የምንዞር ስህተቶች፦ ከባሕር ዳር ጣሪያዎች ስር

ሰሞኑን ቤት ሊያሰሩ ከሚመጡ ሰዎች አፍ የማይጠፋ ቃል ቢኖር ስካይላይት፣ ማለትም ጣሪያ ላይ የሚገጠም የመስታወት መስኮት ነው። እኔም ደስ ይለኛል፤ ሳሎን መሃል ከላይ እንደሚወርድ ብርሃን የሚያምር ነገር የለም። ግን የቤቱን ሞዴል በኮምፒውተር የምንሰራው ልጆች አንዳንድ ነገር በስህተት ይዘናል። ስህተቱ ኮምፒውተር ላይ አይታይም። የሚታየው ግንቦት ላይ በፀሐይ፣ ሐምሌ ላይ በዝናብ ነው።

«ወደ ሰሜን ካዞርከው ቀጥታ ፀሐይ አይገባም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔም አምኜበት የሳልኩት ቤት አለ። አባይ ማዶ ነው። መስታወቱን በሰሜን በኩል ባለው የጣሪያ ክንፍ ላይ አደረግኩት። ግንቦት ላይ የቤቱ እመቤት ደወሉልኝና ሄድኩ። ቀትር ላይ የጠረጴዛ ስፋት ያላት ፀሐይ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ጨርቁ በአንድ ጎኑ ነጥቷል። «ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝና ነጠላቸውን አለበሱት።

ምክሩ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 አካባቢ፣ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ በመካከል ባሉት አራት ወራት ደግሞ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ሰኔ 14 ቀትር ላይ ከሰሜን አድማስ 78 ዲግሪ ከፍ ብላ ትታያለች። ታኅሣሥ ላይ በደቡብ በኩል ወደ 55 ዲግሪ ትወርዳለች። ያኔም ቢሆን ጣሪያችሁ 15 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ከሆነ፣ መስታወቱ ወደየትም ይዙር፣ የቀትር ፀሐይ ያገኘዋል። ክረምት ደመናው ያግዛል። ሚያዝያና ግንቦት ግን ሙቀቱም የሚብሰው ያኔ ነው።

የሰሜንን ብርሃን የፈለገ ሰው መስታወቱን ያቁመው። ጣሪያውን በሁለት ከፍታ ከፍሎ፣ መሃል ላይ ቀጥ ያለ መስታወት ማድረግ ይቻላል። 1 ሜትር ቁመት ላለው መስታወት ለሰኔ ቀትር ከበላዩ 21 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የሚወጣ ጥላ ሰጪ ክንፍ ይበቃል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትመጣ የጎን መከለያም ይኑረው።

«ሶፍትዌሩ ፀሐይዋን ራሱ ያውቃታል»

እስክትነግሩት ድረስ አያውቃትም። ቤት ከምንስልባቸው ፕሮግራሞች፣ ቦታውን ካልቀየራችሁ ሪቪት ብዙ ጊዜ አሜሪካ ቦስተን፣ ስኬችአፕ ደግሞ ቦልደር ኮሎራዶ ላይ ነው የሚያስባችሁ። ሁለቱም ከተሞች ከ40 ዲግሪ ያላነሰ ኬክሮስ ላይ ናቸው፤ ፀሐይ በሰሜን በኩል የምታልፍበት ቀትር የላቸውም። እኔን የሸወደኝ ጥላ ከዚያ የመጣ ነው። ሪቪት ላይ የፕሮጀክቱ ሰሜን (ወረቀቱ ላይ ወደ ላይ ያለው) እና እውነተኛው ሰሜን የተለያዩ መሆናቸውንም አትርሱ፤ ሳይት ፕላኑን ለወረቀት እንዲመች ካዞራችሁት እውነተኛውን ለብቻው አስተካክሉ።

ሰዓቱም አለ። የጠዋቱን 3 ሰዓት ጥላ ለማየት 3:00 ብሎ የጻፈ ልጅ ሌሊት ነው የሚመጣለት፤ 9:00 ነው የሚባለው። ቀትርም ድፍን 6 ሰዓት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚሰላው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፣ ባሕር ዳር ያለችው 37.4 ላይ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ከፍ የምትለው ወደ 6:30 ገደማ ነው።

«ሬንደሩ ላይ ብሩህ ከሆነ ክፍሉም ብሩህ ነው»

ሬንደር፣ ማለትም ሞዴሉን እንደ ፎቶ የሚያሳይ ምስል፣ የሚያወጣው ፕሮግራም እንደ ካሜራ ነው፤ ጨለማውን ራሱ ያካክሳል። አውቶማቲክ የብርሃን ማስተካከያውን አጥፍታችሁ፣ ከስካይላይቱ ጋርና ያለ ስካይላይቱ በአንድ ዓይነት ቅንብር አወዳድሩ። የብርሃኑን መጠን በቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ በብርሃን መለኪያው፣ በሉክስ፣ አስሉት።

«ሰፋ ባለ ቁጥር ይሻላል»

የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ምክር፣ ብዙ መስኮት ባለው ክፍል ስካይላይቱ ከወለሉ ስፋት 5 በመቶ፣ መስኮት በሚያንሰው ደግሞ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ብዙ መስኮት ላለው 30 ካሬ ሳሎን ከ1.5 ካሬ አይበልጥ ማለት ነው። ለኛ ፀሐይ እኔ ከዚያም ባነሰ እጀምራለሁ።

«ጣሪያው ላይ ካስቀመጥኩት ቀዳዳው አለቀ»

ሪቪት ላይ የስካይላይት ፋሚሊ (ተዘጋጅቶ የሚመጣ ዕቃ) የሚቆርጠው የተቀመጠበትን ጣሪያ ብቻ ነው። ስሩ ያለው ኮርኒስ እንደተደፈነ ይቀራል። ኮርኒሱን ለብቻው ክፈቱት፣ ከጣሪያው እስከ ኮርኒሱ ያለውን የብርሃን ጉድጓድ ግድግዳም ሳሉ፤ ወደ ታች እየሰፋ ቢሄድ ብርሃኑ ይበተናል። ስኬችአፕ ላይ ደግሞ ቀዳዳ የሚቆርጥ ኮምፖነንት (እሱም ተዘጋጅቶ የሚገባ ዕቃ ነው) አንዱን ገጽ ብቻ ነው የሚበሳው፣ ውፍረት ያለው ጣሪያ ከሆነ የታችኛውን ገጽ በእጅ መክፈት ነው። ሌላው መሳያ ፕሮግራም፣ አርኪካድ፣ የራሱ የስካይላይት መሣሪያ አለው። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ መስታወት ከሆነ ግን ሪቪት ላይ መስኮት አትፈልጉ፣ በጣሪያ መሣሪያው ስሎፕድ ግሌዚንግ (ያዘነበለ መስታወት) የሚለውን ዓይነት ምረጡ።

ፋሚሊው ፐርሊንም፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት፣ አይቆርጥም። አንድ ቀን ሳይት ላይ ቆርቆሮ ከሚመቱት አናጺ ጋር ቆሜ ነበር። ሜትሩን ዘርግተው አዩና «ኢንጅነር፣ ፐርሊኗ መሃሉ ላይ ናት፣ ልቁረጣት?» አሉኝ። ሥዕሉ ላይ አልነበረችም። ስላልሳልኳት ነው። «ቆይ ጋሼ» ብዬ ላፕቶፑን አሸዋ ክምር ላይ አስቀምጬ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ተሻጋሪ እንጨት ጨምሬ፣ ፐርሊኗ የምትቆረጥበትን ቦታ ምልክት አደረግኩ። በዚያው ሴክሽን (የቁርጥ ሥዕል) ላይ መስታወቱን ከቆርቆሮው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርገውን ጠርዝና በላይኛው በኩል ቆርቆሮው ስር የሚገባውን፣ ውሃ የሚከለክለውን የላሜራ ፍላሺንግ ሳልኩላቸው። ጋሼ ስክሪኑ ላይ አጎንብሰው የላሜራውን እጥፋት በጣታቸው ተከተሉና «ይቺን መጀመሪያ ብትስላት ኖሮ ላሜራውን ትናንት አሳጥፈው ነበር» አሉኝ።